አሮጌው ማሽን ከተማሪው ፊት፣ ቋንቋው ከሰርቨሩ፦ የኖርዌዩ ስኩሌሊኑክስ የጉዳይ ጥናት

ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2001 ዊንዶውስ ኤክስፒን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ዝቅተኛ አቅም 233 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበር፤ በአግባቡ እንዲሠራ የሚመከረው ደግሞ 300 ሜጋኸርዝና 128 ሜጋባይት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ማንኛውም ተራ የእጅ ስልክ የሚንቀው ቁጥር ነው። በወቅቱ ግን መሥሪያ ቤቶች እየቀየሩ ከሚያስወግዷቸውና በስጦታ ወደ ትምህርት ቤት ከሚገቡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ፣ 133 ወይም 166 ሜጋኸርዝ ፍጥነት ያላቸው ፔንቲየሞች ስለነበሩ፣ አዲሱ መስፈርት ከጨዋታ ውጭ አደረጋቸው። ማሽኖቹ አልተበላሹም፤ ስክሪናቸው ይበራል፣ ኪቦርዳቸው ይጽፋል፣ የኔትወርክ ካርዳቸውም ይሠራል። የጎደላቸው የአዲሱን ሶፍትዌር ሸክም የሚችል ጉልበት ነበር።

ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 2 ቀን 2001፣ በኖርዌይ ጥቂት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስኩሌሊኑክስ የተባለውን ፕሮጀክት ጀምረው ነበር። ‹‹ስኩሌ›› በኖርዌይኛ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ ፔተር ራይንሆልትሰን ሲሆን፣ ሥራው የተመሠረተው ዴቢያን በተባለው፣ ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች በሚዘጋጀው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው። በ2002 ራፋኤል ኸርትዞግ የተባለ ፈረንሳዊ የዴቢያን አባል ‹‹ዴቢያን ኤዱ›› በሚል ስም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ተነሣና፣ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ፕሮጀክቶች ተዋሐዱ። የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም፣ ‹‹ቬኑስ›› የሚል ስም የተሰጠው 1.0፣ በጁን 2004 ወጣ።

ስለ ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲለውጠው ስለተፈቀደ ፕሮግራም፣ ሲነገር ይህን ጉዳይ የሚያነሡት ብዙዎች የሚያተኩሩት በገንዘብ ቁጠባው ላይ ነው። እኔ ግን ለጥናት የሚበቃው ሌላው ገጹ ነው እላለሁ። ስኩሌሊኑክስ ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ችግሮችን፣ ማለትም የአሮጌ ማሽንንና የአናሳ ቋንቋን ችግር፣ በአንድ አሠራር ለመፍታት ሞክሯል። ሁለቱ ለምን እንደሚገናኙ ለመረዳት አስቀድሞ የኖርዌይን የቋንቋ ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል።

ኖርዌይኛ ሁለት የጽሑፍ መልክ አለው። ብዙኃኑ የሚጽፍበት ቡክሞል ኖርዌይ በዴንማርክ ሥር ከነበረችበት ዘመን የጽሑፍ ልማድ የወረደ ሲሆን፣ ኒኖርስክ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢቫር ኦሰን የተባለ የቋንቋ ሊቅ በየገጠሩ እየዞረ ካሰባሰባቸው ዘዬዎች የተገነባ ነው። ፓርላማው በ1885 ሁለቱን እኩል አድርጎ ደነገገ፤ በትምህርት ሕጉም የመማሪያ መጽሐፍ በሁለቱም መልክ፣ በአንድ ጊዜና በአንድ ዋጋ እንዲቀርብ ታዘዘ። ከእነዚህ ሌላ በሰሜኑ የሚኖሩት ሳሚዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ሰሜን ሳሚኛ በላቲን ፊደል ቢጻፍም በተለመደው የአውሮፓ ኪቦርድና ፎንት ላይ የማይገኙ በርካታ ምልክት ያደረባቸው ፊደላት አሉት።

እንግዲህ ተማሪው መጽሐፉን በኒኖርስክ እያነበበ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚያገኘው ቡክሞል ብቻ ነበር። የኒኖርስክ ተጠቃሚዎች ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ የትርጉም ወጪውን የሚመልስ ገበያ አልነበረም። በአንጻሩ ነጻ ሶፍትዌር ለመተርጎም ገበያ አያስፈልግም፤ የፕሮግራሙ ቃላት በግልጽ ፋይል ተቀምጠው ስለሚገኙ፣ ፈቃደኛና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ካለ ቁጭ ብሎ ይተረጉመዋል። በመሆኑም ኬዲኢ የተባለው ነጻ የዴስክቶፕ ገጽ በበጎ ፈቃደኞች ወደ ኒኖርስክ ተተረጎመ፤ ስኩሌሊኑክስም ቡክሞልን፣ ኒኖርስክንና ሰሜን ሳሚኛን ከመጀመሪያ ዓላማዎቹ መካከል አስገባ። በ2002 የኒኖርስክ ወገኖች ‹‹በቋንቋችን ካልቀረበ አንገዛም›› የሚል ዘመቻ ሲያነሡ፣ ማይክሮሶፍት የቢሮ ፕሮግራሞቹን በኒኖርስክ ለማዘጋጀት ተስማማ። ዘመቻው አቅም ያገኘው ‹‹አይቻልም›› የተባለውን ነገር በጎ ፈቃደኞች ሠርተው በማሳየታቸውም ጭምር ይመስለኛል።

የአሠራሩ ሥርዓት

ቀላሉ መንገድ በእያንዳንዱ አሮጌ ማሽን ላይ ቀለል ያለ ሊኑክስ (ዴቢያን ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነ ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) መጫን ነው። ብዙ ሰው ዛሬም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለአንድ ማሽንም ትክክለኛው መፍትሔ ነው። ሠላሳ ማሽን ባለበት ክፍል ግን ይህ መንገድ ሠላሳ የተለያዩ ሕመምተኞችን እንደ መቀበል ይሆናል። ከተለያየ መሥሪያ ቤት የመጡ ማሽኖች የተለያየ የቪዲዮ ካርድ፣ የተለያየ የዲስክ መጠን፣ የተለያየ ብልሽት አላቸው። አንዱ ሃርድ ዲስኩ ይንኳኳል፤ ሌላው የሰዓት ባትሪው ስላለቀ በተነሣ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ኮምፒውተር ከማስተማር በተጨማሪ ጥገናውንም ደርቦ የያዘ መምህር ይህን ሁሉ በትርፍ ሰዓቱ አይወጣውም።

ስኩሌሊኑክስ የመረጠው ጂም ማክኩዊላን የተባለ አሜሪካዊ በ1999 በሚሺጋን የጀመረውን የሊኑክስ ተርሚናል ሰርቨር ፕሮጀክት፣ በምሕጻሩ ኤልቲኤስፒ የሚባለውን አሠራር ነበር። ተማሪው ፊት ያለው ማሽን ‹‹ቲን ክላየንት›› ይባላል፤ ሥራው የሚሠራው በእሱ ላይ አይደለም። ማሽኑ ሲበራ የኔትወርክ ካርዱ ‹‹እኔ ማን ነኝ? ከየት ልነሣ?›› ብሎ በገመዱ ላይ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም ክፍሉን ሁሉ የሚያገለግለው ዋና ኮምፒውተር፣ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ማስነሻ ፕሮግራሙን ይልክለታል፤ ማሽኑ የሰርቨሩን ዲስክ በኔትወርክ እንደ ራሱ ዲስክ አድርጎ ያነብባል፤ በመጨረሻም የመግቢያ ገጽ ይከፍታል። ካርዳቸው በኔትወርክ መነሣት የማይችል በጣም አሮጌ ማሽኖች ይህን የሚያደርግላቸው ትንሽ ፕሮግራም በፍሎፒ ዲስክ ይሰጣቸው ነበር። ተማሪው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ የሚከፍተው ሁሉ፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙም ሆነ ብራውዘሩ፣ የሚሠራው በሰርቨሩ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ላይ ነው። ባለ 133 ሜጋኸርዙ ፔንቲየም የኪቦርድና የማውስ ንኪዎችን ይልካል፣ የሚሣለውን ይቀበላል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ከፍጥነት ያለፈ ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ቶሎ ከሚሞቱት ክፍሎች አንዱ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ቲን ክላየንት ዲስክ ስለማያስፈልገው የዲስኩ ሞት አያቆመውም። ሰዓቱንም ከሰርቨሩ ስለሚያገኝ የደከመው ባትሪ ችግር አይሆንም። አንዱ ማሽን ከተቃጠለ ሌላ ከመጋዘን አውጥቶ ገመዱን መሰካት ነው፤ የተማሪው ፋይል የትም አልሄደም። ተማሪውም ነገ በየትኛውም ማሽን ላይ ቢቀመጥ የራሱን ጠረጴዛ ያገኛል። ሜሞሪን በተመለከተም ሠላሳ ተማሪ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ሲከፍት የፕሮግራሙ ኮድ በሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ለየተማሪው የሚጨመረው የየራሱ ሰነድና የሥራ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ሠላሳኛው ተማሪ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ሜሞሪ ይወስዳል።

ቋንቋው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አቅም በሚያንስበት ጊዜ ከማንኛውም ሲስተም መጀመሪያ የሚቀነሰው ቋንቋ ነው፤ ትርጉሞች፣ ፎንቶችና መዝገበ ቃላት ቦታ ይወስዳሉ፣ እንግሊዝኛው ግን ምንጊዜም አለ። በቲን ክላየንት አሠራር ትርጉሙም ፎንቱም የሚጫነው አንድ ጊዜ፣ ሰርቨሩ ላይ ነው። በዚያው ክፍል አንዱ ተማሪ በቡክሞል፣ አጠገቡ ያለው በኒኖርስክ፣ ከኋላ ያለው በሰሜን ሳሚኛ መግባት ይችላል፤ ከመካከላቸው ማን በየትኛው ውራጅ ማሽን ላይ እንደተቀመጠ ለውጥ አያመጣም።

የስኩሌሊኑክስ አዘጋጆች ደግሞ በኤልቲኤስፒ ላይ ሌላ ነገር ጨመሩ። ኔትወርኩን ሁሉ አስቀድመው ነድፈው፣ አድራሻዎቹን ሳይቀር ወስነው፣ በመጫኛው ውስጥ አስገቡት። የሚጭነው ሰው የሚጠየቀው ይህ ማሽን ዋናው ሰርቨር ይሁን፣ የቲን ክላየንት ሰርቨር ይሁን ወይስ ተራ ተማሪ የሚሠራበት ማሽን ይሁን የሚለውን ነው፤ የተጠቃሚዎች መዝገብ፣ የፋይል ማከማቻ፣ የማተሚያ አገልግሎት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ለዋናው ሰርቨር የተሰጠው ስም ‹‹ትዬነር›› ነው፤ ቃሉ በኖርዌይኛ አገልጋይም ሰርቨርም ማለት ነው። ሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ኔትወርክ ስላለው፣ አንዱ ትምህርት ቤት ላይ የተገኘ መፍትሔ ለሌላው ያለ ማስተካከያ ይሠራል። በእኔ ግምት የፕሮጀክቱ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ከነጻው ሶፍትዌር ነጻነት ላይ ሆን ብለው የምርጫ ብዛትን ቀንሰዋል።

ያልታዩት ወጪዎች

አሮጌው ማሽን በነጻ ቢገኝም ወጪው አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ። ሰርቨሩ አዲስ፣ ብዙ ሜሞሪ ያለውና የማይታጎል መሆን አለበት፤ እሱ ከቆመ ክፍሉ በሙሉ ይቆማልና። ገመዱም እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ ብዙ ቦታ የተዘረጋው የ10 ሜጋቢት ኔትወርክ፣ ሁሉም ማሽን የሁሉንም መልእክት የሚሰማበት ሀብ እየተባለ ከሚጠራው መሣሪያ ጋር ነበር፤ ሠላሳ ቲን ክላየንት ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ለያንዳንዱ ማሽን የራሱን መንገድ የሚሰጥ ባለ 100 ሜጋቢት ስዊች መግዛትና አንዳንዴም ገመዱን እንደገና መዘርጋት ግድ ሆነ። በጀት የሚያወጣው አካል ‹‹ኮምፒውተሮቹ በነጻ ናቸው›› የሚለውን ብቻ ሰምቶ ለሰርቨሩና ለስዊቹ የሚሆነውን ከነፈገ፣ የሚያገኘው ሠላሳ ተማሪ እኩል የሚያማርርበት ክፍል ነው።

የደኅንነት ጥያቄም ነበር። በመጀመሪያዎቹ የኤልቲኤስፒ እትሞች በተማሪው ማሽንና በሰርቨሩ መካከል የሚሄደው ነገር ሁሉ፣ የይለፍ ቃል ሳይቀር፣ ሳይመሰጠር በገመዱ ላይ ያልፍ ነበር። በአምስተኛው ዙር ግንኙነቱ እንዲመሰጠር ተደረገ፤ ይሁን እንጂ ምስጠራው ራሱ ለአሮጌው ፕሮሰሰር ሌላ ሸክም ሆነ። ስለዚህ መግቢያው ብቻ ተመስጥሮ የስክሪኑ ሥዕል በግልጽ እንዲሄድ የሚያደርግ አማራጭ ተጨመረ። የይለፍ ቃሉን አድኖ የተቀረውን መተው ነው፤ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተቀባይነት ያለው ድርድር ይመስለኛል፣ ለመሥሪያ ቤት የሂሳብ (የፋይናንስ) ክፍል ግን አልመክረውም።

ቲን ክላየንትን ያሸነፈው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቪዲዮ ነው። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ እዚሁ ማስቀመጥ ይቻላል። ስክሪኑ 1024 በ768 ነጥብ ቢሆንና እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢወስድ፣ አንድ ሙሉ ሥዕል ወደ 1.57 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ቪዲዮ በሰከንድ 25 ሥዕል ይፈልጋል፤ ይህም በሰከንድ ከ39 ሚሊዮን ባይት በላይ፣ ወይም ወደ 315 ሜጋቢት ይመጣል። ያ ሁሉ የሚያልፍበት ገመድ 100 ሜጋቢት ነው። ይህ ለአንድ ተማሪ ነው፤ ሠላሳው አንድ ላይ ቢከፍቱ ከ9 ጊጋቢት በላይ ይሆናል። ጽሑፍ በሚጻፍበት ጊዜ የሚላከው ‹‹እዚህ ጋ ይህን ፊደል ሣል›› የሚል አጭር ትእዛዝ ስለሆነ አሮጌው ማሽን ይበቃል፤ ቪዲዮ ግን ሥዕሉን ከነሙሉ ክብደቱ ያስልካል። ዩቲዩብ በ2005 ከተከፈተ በኋላ፣ ድረ ገጾችም በተንቀሳቃሽ ምስል ሲሞሉ፣ የትናንቱ ድንቅ ክፍል ተማሪው ‹‹ይጎተታል›› የሚለው ክፍል ሆነ።

መልሱ ‹‹ዲስክ አልባ›› የሚባለው አሠራር ነበር። ማሽኑ አሁንም በኔትወርክ ይነሣል፣ ፕሮግራሙንም ከሰርቨሩ ይወስዳል፤ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ግን በራሱ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ላይ ነው። አስተዳደሩ በአንድ ቦታ ይቀራል፣ ሸክሙ ይከፋፈላል። በ2019 ኤልቲኤስፒን እንደ አዲስ የጻፈው አልኪስ ዮርጎፑሎስ የተባለ ግሪካዊ በዚህ አሠራር ላይ አተኮረ። ጉዳቱ ማሽኑ የራሱ አቅም እንዲኖረው ማስገደዱ ነው። የቅርብ ዓመታት የዴቢያን ኤዱ መመሪያ ለቲን ክላየንት 400 ሜጋኸርዝና 256 ሜጋባይት ይበቃል ሲል፣ ለዲስክ አልባው ግን ዝቅተኛውን 1500 ሜጋኸርዝና 1 ጊጋባይት ያደርገዋል፤ ዘመናዊ ብራውዘርና ሊብሬኦፊስ የተባለውን ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ለመክፈት 2 ጊጋባይት ይመክራል። ፕሮጀክቱ የተጀመረባቸው ፔንቲየሞች በዚህ ሚዛን ወደቁ። ዴቢያን ራሱም በ2017 በወጣው ዘጠነኛ እትሙ የመጀመሪያውን ትውልድ ፔንቲየም መደገፍ አቆመ፤ በኦገስት 2025 በወጣው 13ኛ እትሙ ደግሞ የቀደመው ትውልድ ለሆኑት የ32 ቢት ማሽኖች መጫኛ ማዘጋጀቱን ተወ። ‹‹ነጻ ሶፍትዌር አሮጌ ማሽንን ለዘላለም ያኖራል›› የሚለው አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ አልሠራም። ያደረገው ዕድሜያቸውን በበርካታ ዓመታት ማራዘም ነው፤ ለትምህርት ቤት ግን አንድ ተማሪ ገብቶ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ለእኛ የሚቀርበው ክፍል

የ2001ዱ ሁኔታ በሌላ መልክ ተመልሷል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። አዲስ አበባ ውስጥ ‹‹ስላሽ›› እየተባሉ ከሚሸጡት ላፕቶፖች መካከል አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ትውልድ የሆኑት እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ልዩነቱ እነዚህ ማሽኖች በዴቢያን ኤዱ ሚዛን ከበቂ በላይ መሆናቸው ነው። ባለ 64 ቢት ናቸው፣ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ሜሞሪ ይዘው ይመጣሉ። ለእነሱ ቲን ክላየንት አያስፈልግም፤ በብዛት ለአንድ ክፍል ከተገዙ ግን ዲስክ አልባው አሠራር ከኖርዌይ ይልቅ ለእኛ የሚስማማበት ምክንያት አለ፤ ለሠላሳ ማሽን ዝማኔ ሠላሳ ጊዜ ከኢንተርኔት ማውረድ ቀርቶ አንድ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ይወርዳልና። በሌላ በኩል መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሰርቨሩና ስዊቹ ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ከሌላቸው፣ ላፕቶፖቹ በራሳቸው ባትሪ በርተው ሳለ ክፍሉ ይቆማል። የኖርዌይ መምህራን ያልተጨነቁበት ነጥብ ነው።

ስለ ቋንቋው ደግሞ አንድ ብዙም የማይታወቅ እውነታ አለ። ዴቢያን በፌብሩዋሪ 2009 ‹‹ሌኒ›› የተባለውን እትም ሲያወጣ በመጫኛው ላይ አዲስ የተጨመሩትን ቋንቋዎች ዘርዝሮ ነበር፤ በዝርዝሩ ውስጥ አማርኛና ሰሜን ሳሚኛ አብረው ይገኛሉ። ሁለቱም በዚያው እትም ገቡ፤ ግን እኩል አልገቡም። ሰሜን ሳሚኛ በላቲን ስለሚጻፍ በተራው የጽሑፍ ገጽ መጫኛም ይታያል። ፊደላችን ግን በጽሑፍ ገጹ ላይ ሊሣል ስላልቻለ አማርኛ የሚገኘው በግራፊክ መጫኛው ብቻ ነው፤ ግራፊክ መጫኛው ደግሞ ከጽሑፉ የበለጠ ሜሞሪ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ መጫኛው ማሽኑ በጣም ትንሽ ሜሞሪ እንዳለው ሲያውቅ ‹‹የዝቅተኛ ሜሞሪ አሠራር›› ውስጥ ይገባና የቋንቋ ምርጫውን ጭራሽ ዘልሎ በእንግሊዝኛ ይቀጥላል።

ስለዚህ አሮጌ ማሽንን በአማርኛ ለማስነሣት ለሚያስብ ሰው የኖርዌዩ አሠራር ተግባራዊ ትርጉም አለው። አማርኛ የሚመረጠው ሜሞሪ በተሟላለት በሰርቨሩ መጫኛ ላይ ነው፤ የግእዝ ፎንቱም እዚያው ይጫናል፤ በላቲን ኪቦርድ ‹‹ሰ›› እና ‹‹ላ››ን በድምፃቸው እየጻፉ ፊደል የሚያወጡበት ‹‹ሴራ›› የተባለው የአጻጻፍ ዘዴም፣ የሊብሬኦፊስ የአማርኛ ትርጉምም እንዲሁ። በግድግዳው ሥር የተደረደሩት ማሽኖች፣ ብቻቸውን ቢሆኑ መጫኛው እንግሊዝኛ የሚያስገድዳቸውም ሳይቀሩ፣ ሲበሩ በገመዱ ይጠይቃሉ፤ የመግቢያ ገጹም በአማርኛ ይመጣላቸዋል።